ከውስጥ የሚቀረቀር በር

አንድ አዛውንት መነኩሴ በጠዋት ሐይቅ ከተማ መናኸሪያ ላይ ከሚኒባስ ሲወርዱ የጫማቸው ማሰሪያ ተበጠሰ። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚሄዱ ነበሩና ያን ሁሉ የጠጠር መንገድ በአንድ እግር ጫማ እንዴት እንደሚዘልቁት ግራ ገብቷቸው ቆሙ። ከኋላቸው የወረደች ሻርፕ የተከናነበች ወጣት ጥቅል ፍራሿን መሬት ላይ አስቀመጠች። የታሰረበትን ሲባጎ ፈትታ፣ ግማሹን በጥርሷ ቆርጣ፣ ተንበርክካ ጫማውን ከእግራቸው ጋር አሰረችላቸው። መነኩሴው መርቀዋት ሄዱ። የተረፋት ሲባጎ ግን ፍራሹን ዞሮ አልደርስ ስላላት በሁለት እጇ አቅፋው ሄደች።

ይህን ከመንገዱ ማዶ፣ ከትንሿ ሱቋ ደጃፍ ሆና ያየችው የዚህ ታሪክ ጸሐፊ ናት። አላህ ልጅቷን በዚያው ቀን መልሶ እደጇ ያመጣታል ብላ ግን አላሰበችም።

ልጅቷ ሰሚሃ ወልዴ ትባላለች። የመጣችው ከውጫሌ ወጣ ካለ የአምባሰል ቀበሌ ነው። አዋላጅ ነርስ ናት። ከተመረቀች ወዲህ ሥራ አጥታ አባቷ ቤት ስትቀመጥ ቆይታ፣ አሁን እዚሁ ሐይቅ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ፈትኖ ተቀበላት። ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ሥራው በማግስቱ ይጀምራል። ሌሊት ምጥ ሲመጣ ስለምትጠራ ማደሪያዋ የግድ ከተማው ውስጥ መሆን አለበት ተብላለች። ከውጫሌ መመላለስ አይታሰብም፤ ከመሸ መንገዱ ያስፈራል፣ መኪናም የለም። እስከ ነገ ቤት ካላገኘች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።

ቤት የሚያሳያት ባድሩ የሚባል ባጃጅ ነጂ ነው፤ ድለላም ይሠራል። መሀል ከተማ ያየችው ክፍል ደመወዟን ጠራርጎ የሚወስድ ሆነባት።

«እንግዲያው ወደ ዳር እንውጣ» አላት። በየጉድጓዱ ባጃጁ ሲዘል ፍራሹ እየተዘረጋ ፊቱን ይሸፍነው ጀመር። «የምነዳው እኔ ነኝ ወይስ ፍራሽሽ?» እያለ አሳቃት።

ሁለተኛው ቤት ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ለብቻው የቆመ ነው። ኪራዩ ርካሽ ነው። ለምን እንደረከሰ ሳትጠይቅ፣ ደስ ብሏት ፍራሿን ይዛ ገባች። ግድግዳውን አየች፣ ጣሪያውን አየች። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጋ ዘግታ መቀርቀሪያ ስትፈልግ እጇ ባዶ ቆርቆሮ ዳሰሰ። በውስጥ በኩል የቀሩት ምስማር የተነቀለባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። መቀርቀሪያው ያለው በውጭ በኩል ብቻ ነው።

ባለቤቱ ደጅ ቆሟል። በራሴ ወጪ ከውስጥ ላስገጥም ወይ ብላ ጠየቀችው።

«እኔ እያለሁልሽ ምን መቀርቀሪያ አስፈለገሽ?» አላት ፈገግ ብሎ።

ባድሩ እንኳ አንገቱን ደፋ። ሰሚሃ አስብበታለሁ አለችው። ሰውዬው እስከ መግሪብ አዛን እንደሚጠብቃት፣ ከዚያ ወዲያ ለሌላ እንደሚሰጠው ነገራት። ፍራሿን አቅፋ ወጥታ ባጃጁ ውስጥ ገባች።

ሦስተኛው ቤት ባላቸው የሞቱባቸው የእትዬ አመተ ማርያም ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ነው። ኪራዩ ከአቅሟ አይወጣም። ሰሚሃ ግን ከሁሉ በፊት ያየችው በሩን ነው። በውስጥ በኩል ወፍራም የብረት መቀርቀሪያ አለው። ደጋግማ ዘጋችው፣ ደጋግማ ከፈተችው። ሴትዮዋ መታወቂያዋን ተቀብለው አገላበጡ።

«ሰሚሃ ወልዴ። አባትሽ ክርስቲያን ናቸው?»

«እስላም ናቸው፣ እትዬ። ስሙን ያወጡላቸው ጎረቤት ናቸው።»

«ከዚሁ ከወሎ መሆንሽስ አያጠራጥርም» ብለው ሳቁ።

ሳቃቸው ቶሎ ጠፋ። አምና አንድ ጨዋ መሳይ ሰው አከራይተው ነበር። አንድ ቀን ደብዛው ጠፋ። ማን እንደነበር፣ ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ መልስ አጥተው ፖሊስ ጣቢያ ብዙ ጊዜ ተመላልሰዋል። ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ሳያጣሩ አይከፍቱም። ስለዚህ ተያዥ ይፈልጋሉ፤ የከተማው ነዋሪ የሆነ፣ ምግባሯን አውቃለሁ ብሎ የሚቆምላት ሰው። ባድሩ እኔ አለሁ ሲል፣ ደላላማ ለኮሚሽኑ ሲል ሰይጣንንም አውቀዋለሁ ይላል ብለው መለሱት።

«የምፈራው አንቺን አይደለም ልጄ» አሏት። «ስለ አንቺ የሚጠይቀኝን ነው።»

ሰሚሃ የክሊኒኩን ኃላፊ በስልክ ለመነችው። እሱም ከፈተና ውጤቷ በቀር ስለ እሷ የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ነግሯት ዘጋው። ባድሩ ሌላ ተሳፋሪ አገኘና መናኸሪያው ላይ አውርዷት፣ አይዞሽ ብሎ ሄደ።

ፀሐይ ወደ ተራራው ዘንበል ብላለች። የውጫሌው ሚኒባስ የመጨረሻ ተሳፋሪዎቹን ይጠራል። ብትሳፈር ሥራው ቀረ። ባትሳፈር የሚጠብቃት ከውጭ የሚቀረቀረው ቤት ነው። ከሁለቱ የትኛው ይብሳል እያለች ቆማ ሳለ ፍራሹ ከእቅፏ አምልጦ አቧራው ላይ ተዘረጋ። ሰው ሁሉ አያት። ሰብስባ አነሳችውና ሲባጎ ልትገዛ መንገዱን ተሻገረች።

ባለሱቋ ሲባጎውን ሰጥታ ሂሳቡን አልቀበልም አለች። ጠዋት መነኩሴው እግር ላይ የቀረውን አይቻለሁ፣ ይኸኛው የእሱ ምትክ ነው አለቻት። ሰሚሃ የሚያያት ሰው እንደነበረ ያወቀችው ገና ያን ጊዜ ነው። ፍራሿ ላይ ቁጭ አለችና ከጠዋት ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። ስለዚያ በር ስትናገር ድምፅዋ እየወረደ ሄዶ ለመስማት እስኪያስቸግር ደረሰ።

ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ሚኒባሱም ሞልቶ ተነሣ። ሰሚሃ ሲባጎውን በጣቷ እየጠመጠመች ቀና አለች።

«እትዬ፣ አውቃታለሁ ብለው እንዲዋሹልኝ አይደለም። ወላሂ አይደለም። ጠዋት ያዩትን ብቻ ለእትዬ አመተ ማርያም ይንገሩልኝ። አብረውኝ ይሄዳሉ?»