የእልፍነሽ ደጅ ጥናት

ታላቅ እህቴ እልፍነሽ ሰንበታ ተወልዳ ያደገችው አዳማ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። አባታችን የጣቢያው ዕቃ ተሸካሚ ነበሩ። እኔ ፊደል ከለየሁ በኋላ ዳዊት ሳልጨርስ ትምህርቱን ተውኩት። እሷ ግን ዳዊት ደግማም አልበቃትም። በአዲስ አበባ ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው የሚል ወሬ የሰማን ጊዜ፣ ፈረንሳይኛ ካልተማርኩ ብላ አባታችንን አስጨነቀቻቸው። ድሬዳዋ ከፈረንሳዮች ጋር የሠራው ባለሱቁ አብደላ ጨው እየመዘነ ያስተምራት ጀመር።

የአባታችን ባልደረባ መርዳሳ ባያት ቁጥር፣ “ቦንዡር ማዳም! እስቲ ለባቡሩ በቋንቋው ንገሪው፣ ዛሬ እንኳ በጊዜ ይምጣ!” እያለ ይስቅባት ነበር።

“ባቡሩስ ሲነግሩት ይሰማል፤ የማትሰማው አንተ ነህ” ትለዋለች።

ትምህርት ቤቱ ለመግባት ግን እውቀት ብቻ አይበቃም፤ “ይህችን ልጅ አውቃታለሁ” ብሎ የሚያቀርባት ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ አባታችን የመሬቱ ጌታ የሆነውን የመልከኛውን ሚስት፣ የወይዘሮ ዘርፉን ደጅ እንድትጠና ወሰዷት። ደጅ የሚጠና ሰው እጁን አጣጥፎ አይቆምም፤ ያገለግላል። እልፍነሽ ጠዋት ጥጥ ትፈትላለች፤ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮዋ ጋደም ሲሉ ዳዊት ታነብላቸዋለች።

“ደህና አድርገሽ አገልግያቸው። ከወደዱሽ ይልኩሻል” ይሏት ነበር አባታችን።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የወደዱትን አገልጋይ ማን ይለቃል? ፈትሉን የምታበላሽ፣ ስታነብ የምታንቀላፋ ሰነፍ ብትሆን ኖሮ፣ ለመገላገል ሲሉ ገና ድሮ በሰደዷት ነበር።

ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። ከዚያ የወይዘሮ ዘርፉ የእህት ልጅ ቡዜ ከሁሩታ መጣች። ፊደል እንኳ አትለይም ነበር። እልፍነሽ እንድታስተምራት ታዘዘች። “አብረን ነው የምንሄደው” እያለች ፊደሉንም ፈረንሳይኛውንም እሷው አስጠናቻት።

አንድ ቀን ዳዊቱን ስታነብ ወይዘሮ ዘርፉ አቋረጧት።

“ቡዜ ሐሙስ በባቡር ትሄዳለች። ስንቋን አዘጋጂላት።”

“እኔስ፣ እመቤቴ?”

“አንቺማ ከሄድሽ ማን ያነብልኛል? ለከርሞ እናያለን። በይ ቀጥዪ።”

እልፍነሽ መጽሐፉን ዘጋችው።

“እንግዲያው ቀሪውን እርስዎም ለከርሞ ይስሙት” ብላ ወጥታ ሄደች።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አባታችን ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው። ወይዘሮ ዘርፉ መምጣታችንን ሰምተው እንኳ ቶሎ አልወጡም። ሽማግሌው አባታችን ድንጋዩን በማጅራታቸው እንደተሸከሙ ግቢው መካከል ፀሐይ ላይ ተገተሩ። አሽከሮቹ በአጠገባቸው ውኃ ይዘው ያልፋሉ፤ አንዱም አላቀመሳቸውም። በኋላ ወይዘሮዋ ደጃፉ ላይ ብቅ አሉና፣ “ምሬሃለሁ። ልጅቷ ነገ ትምጣ” ብለው ተመለሱ።

ቤት ስንደርስ እልፍነሽ የአባታችንን የተላጠ አንገት አየች።

“አባባ፣ ምን በድለው ነው?”

“ዝም በይ። ነገ ትሄጃለሽ።”

“አልሄድም! ሁለት ዓመት ሙሉ ያታለሉኝ እሳቸው፣ ድንጋይ የሚሸከሙት እርስዎ!”

“ጎጇችን ያለችው በማን መሬት ላይ ነው? ንገሪኝ፣ በማን መሬት ላይ ነው?”

 

በማግስቱ ሄደች። ወይዘሮ ዘርፉ እንደ ልማዳቸው ጋደም ብለው፣ አንዳች እንዳልሆነ ሁሉ፣ “የት ላይ ነበርን?” አሏት። ይህን የነገረችኝ ማታ እግሯን ስትታጠብ ነው። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። እኔን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።