ዘጠና ሰባት ቅኔ

አለበልን የቀጠርነው በ2003 ዓ.ም. ነው። እኔና ባለቤቴ ሙላት ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነበረችን፤ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር። አለበል አማኑኤል ከተማ አጠገብ ስድስት ዓመት ቅኔ ተምሮ፣ ሳይጨርስ ትቶ የመጣ ነው። መምህሩ የኔታ ኃይለ ሚካኤል ሲሰናበታቸው አልመረቁትም። ይህን እየሳቀ ነው የሚያወራው፤ ግን ደጋግሞ ያወራዋል።

ጠዋት ማመልከቻና ክስ ይጽፋል። ከሰዓት ኮምፒውተሩ የጎረምሶች ነው፤ የእግር ኳስ ጌም ይጫወቱበታል። እውነቱን ለመናገር የምንበላው ከጌሙ ነበር።

ያስቸገረን ቫይረስ ነው። ደንበኛ ፍላሽ በሰካ ቁጥር ዊንዶውሱ ይበላሻል፤ የተጻፈው ይጠፋል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለአለበል በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያስነሣ፣ ሊኑክስ የሚባል ፕሮግራም በሲዲ ሰጠው። ቫይረስ እምብዛም አይደፍረውም፤ ግን የእኛ ጌም አይሠራበትም። አለበል ጠቅልለን ወደሱ እንግባ አለ፤ ሙላት ሳቀበት። በመጨረሻ አለበል ዲስኩን ለሁለት ከፍሎ ሁለቱንም ጫናቸው። ማሽኑ ሲነሣ የቱን ልክፈት ብሎ ይጠይቃል፤ ጠዋት ሊኑክስ፣ ከሰዓት ዊንዶውስ። ሙላት «መሪጌታ ሊኑክስ» አለው፤ ጎረምሶቹም ስሙን ተቀበሉት።

ሊኑክሱ ውስጥ ያለውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የኔታ እሑድ እሑድ ቅኔ ይቀኛሉ። ቅኔ ደግሞ አንዴ ከተባለ አይደገምም፤ በሳምንቱ አዲስ ነው የሚጠበቀው። አለበል ቅዳሜ ሄዶ ያድራል፣ ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ ይሰማል፣ በቃሉ ይዞ ሰኞ ጠዋት ይጽፈዋል። መቶ ሲሞላ አሳትሞ፣ አስጠርዞ እግራቸው ሥር ሊያኖር ነው፤ ያን ጊዜ ይመርቁኛል ይል ነበር። ፍላሽ አያምንም። አትመህ አስቀምጥ ስለው፣ ጎዶሎ አላወጣም አለኝ። ዘጠና ሰባት ደርሶ ነበር።

በ2005 ዓ.ም. ሙላት አዲስ ጌም አመጣ፤ ቦታ አነሰው። ዊንዶውሱ የአለበልን የሊኑክስ ክፍል ማንበብ ስለማይችል ፎርማት ይደረግ፣ ያለው ሁሉ ይጥፋ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሙላት እዚህ ውስጥ ምን አለ አለኝ። ቅዳሜ ነው፣ ገበያ ነው፣ ጎረምሶቹ በሩን ሞልተውታል። የአለበል ጽሑፍ ነው መሰለኝ፣ እሱ ቢጠየቅ ይሻላል አልኩት። ማመልከቻ ይሆናል ብሎ እሺ የሚለውን ተጫነው። ደግሜ አልተናገርኩም። ማሽኑ በኋላ አልነሣ ብሎ ባለሙያ አስጠራን፤ ሰውየው ዊንዶውሱን ብቻ አስነሣልን።

ሰኞ አለበል ዘጠና ስምንተኛውን በቃሉ ይዞ መጣ። ማሽኑ ምንም ሳይጠይቀው ዊንዶውስ ገባ። አጥፍቶ ከፈተ፤ ሦስት ጊዜ። ሙላት ያደረገውን ነገረውና፦

«የቅኔ ተማሪ ነበርኩ ትል የለም እንዴ መሪጌታ? በቃልህ በለዋ» አለው።

አለበል ወረቀት ለመነኝ። እስከ ምሳ ሲጽፍ ሲሰርዝ ቆይቶ ዘጠኝ አወጣ። ማሽኑ ይዞልኛል ብሎ ሌላውን ከጭንቅላቱ ለቆት ኖሯል። በዚያ መሀል በቃሉ ይዞት የመጣው ዘጠና ስምንተኛውም ጠፋበት።

የኔታ ሲነገራቸው መልሰው ይሉለታል ብዬ አሰብኩ። በማግስቱ ልጄን አዝዬ አብሬው ሄድኩ። ጉልበታቸውን ስሞ ሁሉንም ነገራቸው። ተማሪዎቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል።

«ሁለት ዓመት ስትሰማኝ ከረምህ?» አሉት።

«አዎ፣ የኔታ።»

«ስንት ያዝህ?»

«ዘጠኝ።»

«በል።»

ሦስተኛው ላይ አስቆሙት። «ይህ የኔ አይደለም። የቅኔውን ቤት ሰብረኸዋል። ስሜን አታንሣበት።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ እባክዎን አንድ ጊዜ ይበሉለት ብዬ ለመንኳቸው። የኔታ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «የተባለ አይደገምም፤ እሱም ያውቃል» አሉ። ከዚያም ወረቀቱን እንዲቀድደው አዘዙት። ቀደደው። ጎንበስ ብሎ ምርቃት ጠበቀ። እሳቸው ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ።

በሚኒባሱ ውስጥ ልጄን እሱ ያዘልኝ።

ከዚያ ወዲህ አማኑኤል መሄዱን ተወ። ቅዳሜ ጌሙ ላይ ሰው ያስፈልገን ስለነበር፣ ለእኛ ተመቸን።