ሩሐማን በጎን የሣልኳት ዕለት

ሩሐማን አርባ ዓመት አውቃታለሁ፤ አርባ ዓመት ሙሉም ቀንቼባታለሁ። ፍራንክፈርት እንደመጣን ሁለታችንም ፍሉግሃፈን፣ ኤርፖርቱ ውስጥ፣ የአውሮፕላን ምግብ እናሰናዳ ነበር። እኔ ትሪ ስደረድር እጄ ይዝላል፤ እሷ በእረፍት ሰዓት የአለቃችንን ፊት ናፕኪን ላይ ትሥልና አለቃው ራሱ በሳቅ ይሞታል። ቀድማኝ አገባች፣ ቀድማኝ ጡረታ ወጣች። ፕሮይንገስሃይም ሰፈር የሥዕል ኩርስ ስትመዘገብ ተከትያት ተመዘገብኩ። ብቻዋን እንድትሞገስ ልተዋት እንዴ?

ዘንድሮ አስተማሪያችን ስለ ድሮ ሴት ሠዓሊዎች አወራችልን። የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ብዙዎቹ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ሴት ስለማያስገቡ፣ ሴቶቹ ለብቻቸው ተሰብስበው አንዷ ሌላዋን ትሥል ነበር አለች። እኛም ሁለት ሁለት ሆነን እንድንሣሣል አዘዘችን። የሚበልጠው አንድ ሥዕል የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በሕይወቴ አንዴ እንኳ ልብለጣት ብዬ ቆርጬ ተነሣሁ።

ከእሷው ጋር ተመደብኩ። ሥዕሌ ሊያልቅ ሲል ልታይልኝ መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ በግራ ክርኗ የብሩሽ ማጠቢያ ብርጭቆዬን ደፍታ ወረቀቴን አበላሸችው።

«ውይ፣ አላየሁትም!»

አጠገቧ ያለውን ብርጭቆ! ሆን ብላ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ሌላ ወረቀት አወጣሁና በቀኝ ጎኗ፣ በአንድ ዓይን ሣልኳት። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሣሉት ሰይጣንና ይሁዳ ናቸው። ጀርመኖቹ አያውቁም፤ እሷ ግን ታውቃለች። ይግባት አልኩ።

የእኔ ተመረጠ። ሰው ሲያጨበጭብ ሩሐማ ሥዕሉ ፊት ቆመች። ከዚያ እጄን ያዘችው።

«ማን ነገረሽ?»

«ምኑን?»

«መጀመሪያ ሰይጣን አደረገችኝ ብዬ ነበር» ብላ ሳቀች፤ ዕንባዋ ግን መጥቷል። «ለካ ግራ ዓይኔን ልትደብቂልኝ ነው። ካቻምና ጠፋ እኮ። አውገንአርትስቱ፣ የዓይን ሐኪሙ፣ አይመለስም ብሎኛል። ለልጆቼ እንኳ አልነገርኩም። አንቺ ግን ልብ አልሽ፣ መነንዬ።»

እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ፊቷን ማየት ሲያቅተኝ ዞር ብዬ ያልተመረጠውን የእሷን ሥዕል አየሁ። እኔ ነኝ፣ ፊት ለፊት፣ ከሁለት ዓይኖቼ ጋር። ቅናቴን ስውጥ የምትጨማደደዋን የከንፈሬን ጥግ ሳይቀር አልሳተቻትም።

ይህን ሁሉ ያየችው በአንድ ዓይን ነው። እዚያው እንደቆምኩ እንደገና ቀናሁባት።