የማያርፍ እጅ

ሰፈሩ ያወጣለት ስም «ቅብጥብጡ» ነው፤ ስም አውጪው አልተሳሳተም። ቁጭ ካለ እግሩን ያወዛውዛል፣ በር ካየ ማጠፊያውን ይፈትሻል፣ እንግድነት ሄዶ እንኳ የሰው ጠረጴዛ ገልብጦ እግሩን ሲያስተካክል ተገኝቷል። «ይሄ ሰውዬ መቃብር ገብቶም ድንጋዩን ሳያስተካክል አይተኛም» ትላለች ሚስቱ። ደግነቱ ሥራው ከጠባዩ ጋር ይስማማል፤ እግራቸው ለተጎዳ ሰዎች የፕላስቲክ ድጋፍ ይሠራል። ታካሚው «እዚህ ጋ ቆነጠጠኝ» ይላል፣ እሱ ፕላስቲኩን አሙቆ ጠርዙን ያነሳል፣ ያጠብቃል፣ ያላላል። ታካሚው ተመቸኝ እስኪል እፎይታ የለውም።

ታዲያ ትልቁ ውሻው ከጭነት መኪና ላይ ዘሎ የኋላ ጉልበቱን ጅማት ሲበጥስ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። የእንስሳት ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳችው።

«ትንሽ ውሻ ቢሆን በድጋፍና በእረፍት ሊሻለው ይችል ነበር። ይሄ ግን ክብደቱ ብዙ ነው፤ ያለ ጅማቱ እንዲቆም አጥንቱ ተቆርጦ በብረት መያዝ አለበት። ካልሆነ ጉልበቱ እየተበላ ይሄዳል። የቀዶ ጥገናው ወረፋ እስኪደርስ ድጋፍ ይደረግለት፣ ጠባብ ቦታ ይተኛ።»

«ድጋፉን ለእኔ ይተዉት፣ ዶክተር!» አለ ካፏ ነጥቆ።

የውሻውን እግር ቅርጽ በጄሶ ወስዶ ድጋፉን ሠራለት። እውነት ለመናገር ሥራው ያምር ነበር፣ እዚያ ላይ ቢተወው። እሱ ግን ጠዋት ይፈታዋል፣ በምሳ ሰዓት ከሥራ እየሮጠ መጥቶ ማሰሪያውን ያጠብቃል፣ ማታ ስፖንጅ ይጨምራል፣ መልሶ ይቀንሳል። ቆዳው መቅላቱን አላጣውም። «ጠርዙን ትንሽ ባነሳው ይለቃል» እያለ እንደገና ይፈታዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ሲያጌጡ ይመላለጡ ሲባል አልሰማህም?» አለች ሚስቱ።

«አንቺ ደግሞ! ሙያዬን ልታስተምሪኝ ነው?»

የቀዶ ጥገናው ቀን ደረሰ። ሐኪሟ ድጋፉን ፈታች፣ ፀጉሩን ገለጥ አደረገች። የጉልበቱ ቆዳ ተልጦ መግል ይዟል።

«ጋሼ፣ ቁስል ላይ ቀዶ ጥገና አላደርግም። ኢንፌክሽኑ አጥንት ውስጥ ይገባል። እስኪድን መጠበቅ ነው፤ ጉልበቱ እስከዚያ ምን እንደሚሆን ግን እኔም አላውቅም።» ቀጥላ ጠየቀችው፦ «ድጋፉን ሲነካኩት ምንም አላለም?»

«ኧረ ምንም! እንዲያውም ደስ ብሎት እጄን ይልሰኝ ነበር።»

ሐኪሟ ዓይኑን ላለማየት ውሻውን ዳበሰች። «ውሻ ሲያመውም ይልሳል። ተወኝ እያለ ሲለምን ነው።»

ውሻውን ይዘው ቤት ተመለሱ። ሚስቱ ውሻውን ምንጣፉ ላይ አስተኛችውና ወደ ጓዳ ገባች። እሱ ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ መስኮቱን ከፍቶ ዘጋ። አላስችል ሲለው ጭንቅላቱን ብቻ ሊዳብሰው፣ ይቅር በለኝ ሊለው ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ።

እጁ ገና ሳይደርስበት ውሻው አንገቱን አስግጎ ይልሰው ጀመር።