የመሪጌታ ባለጫማ እግር

ኅዳር 9፣ ደሴ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት

እግር ታቅፌ መናኸሪያ ቆሜአለሁ። የራሴን ማለቴ አይደለም፤ በጆንያ የተጠቀለለ የእንጨት እግር ነው። የምሠራው አካላቸው የተጎዳ ሰዎችን በሚረዳ አንድ የክርስቲያን ድርጅት ውስጥ ነው፤ ሥራዬም እግር መሥራት ነው። ዋንዛ እጠርባለሁ፣ የቆዳ ማሰሪያ እሰፋለሁ፣ መጨረሻ ላይ ጫማ እቸነክርበታለሁ። ማድረስ ሥራዬ አልነበረም። የሚያደርሰው ሰው ታመመና ኃላፊያችን እንደ ልማዳቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "አንተ ጠንካራ ነህ" አሉኝ። እዚያ ቤት ጠንካራ የሚባለው እምቢ ማለት የማይችል ሰው ነው።

የእግሩ ባለቤት ከመካነ ሰላም ወዲያ ባለች የሚካኤል ደብር ማኅሌት የሚመሩት መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። አምና ከበቅሎ ወድቀው ቆሰሉ፤ ቁስሉ መርቅዞ ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ማኅሌት ደግሞ የሚመራው ቆሞ ነው። የደብሩ አለቃ የጻፉልን ደብዳቤ ሁለት መስመር ነበር፤ ዓመት ሙሉ ታግሰናል፣ ለኅዳር ሚካኤል ዋዜማ መሪጌታ ካልቆሙ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ይላል። ዋዜማው ከነገ ወዲያ በዘጠኝ ሰዓት ነው።

የመካነ ሰላሙ ጤና ጣቢያ ድሬሰር የጄሶ ቅርጽና የተሞላ ቅጽ ልኮልን ነበር። ቁመት፣ ክብደት፣ ሁሉንም ሞልቶ "የጫማ ቁጥር" የሚለውን ባዶ ትቶታል። ግማሽ ሥራ! እኔ ነኝ በግምት አርባ አንድ ብዬ የሞላሁለት።

አውቶቡሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል ተብሎ ሦስት ሰዓት ላይ "ዛሬ የለም" ተባልን። ወረኢሉ የሚሄዱት መኪናቸው መጥቶላቸው እየሳቁ ሄዱ። እኔ አምስት ብር ከፍዬ ጨው በጫነ መኪና ላይ፣ ከሾፌሩ ከይመር ጎን ተቀመጥኩ።

ያው ቀን፣ ጉጉፍቱ ኬላ

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጠብመንጃ ያነገተው ጥበቃ ጆንያዬን በጣቱ ነካ አደረገው።

"ምንድን ነው?"

"እግር።"

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ፈትቼ አሳየሁት።

"የማን ነው?"

"የአንድ መሪጌታ።"

"ሰውየውስ?"

"መካነ ሰላም።"

"እግሩ እዚህ፣ ሰውየው መካነ ሰላም?" የይለፍ ወረቀቴን አገላበጠው። "እዚህ ላይ አንድ ሰው ይላል እንጂ እግር አይልም።"

"ጓድ፣ እግር ለብቻው ይለፍ ያወጣል እንዴ?"

አፌን በቆረጠው! ሁለት ሰዓት ሙሉ በዚያ ውርጭ አስቆመኝ። የጥበቃዎቹ አለቃ ከምሳ ተመልሶ፣ እግሩን አንኳኩቶ፣ ውስጡ ምንም እንደሌለ አረጋግጦ ለቀቀን። ይመር ሞተሩን እያስነሣ "ዝም ብለህ ዕቃ ነው ብትል ምን ነበረበት?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ እሱን ግን ያኔ ልሰማው አልፈለግሁም።

ኅዳር 10፣ ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም

አቀስታ አድረናል። አልጋ አንድ ብር ከሃምሳ፣ ቁንጫው በነፃ። ከዚህ ወዲያ ያለውን መንገድ መንገድ ያለው ሰው አልሄደበትም። ድንጋይ፣ ጉድጓድ፣ አቧራ፣ ደግሞ ድንጋይ። በሁለቱም ጎን የገብስ ነዶ ተከምሯል፤ ገበሬው ቀና ብሎ ያየንና ወደ ማጭዱ ይመለሳል። ሁለት ጊዜ ጎማ ፈነዳ። ሁለተኛው ላይ ይመር መሬት ተቀምጦ ሲጋራ ለኮሰ፤ እኔ እግሩን ታቅፌ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

መካነ ሰላም የደረስነው ጽሕፈት ቤቶቹ ሊዘጉ ሲሉ ነው። ወደ ገጠር ለመውጣት ወረቀቴ መታተም አለበት፤ ማኅተሙ አለ፣ ማኅተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። በር ላይ ተገትሬ ጠበቅሁት። ሲወጣ ወረቀቱን ሳያነበው አተመልኝ። ድሬሰሩ ደግሞ የመሪጌታ ጎረቤት ከሆነ ሁሴን ከሚባል ገበሬ ጋር አገናኘኝ። ገበያ መጥቶ አዲስ ድግር ገዝቷል፤ ማረሻውን ግራና ቀኝ የሚያቅፉትን ሁለቱን ጠፍጣፋ እንጨቶች። በቅሎም አለው።

"አብሽር፣ ጠዋት እንወጣለን፤ ኢንሻላህ በአራት ሰዓት እዚያ ነን" አለኝ።

ኅዳር 11፣ የሚካኤል ደብር

ሁሴን እግሩን በቅሎው ላይ ሲያስር ጆንያው ተገለጠ። ጫማውን ትክ ብሎ አየው፣ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ፣ "ጥሩ ጫማ ነው" አለና ዝም። እኔም አመሰገንኩት።

ባለው ሰዓት ደረስን። መሪጌታ ጥበቡ አጭር፣ ጠይም፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሰው ናቸው። ማሰሪያውን አጠበቅሁላቸው፤ ልክክ አለ። ቆሙ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ እልልታቸውን አቀለጡት፤ እኔም የሦስት ቀን ንዴቴ ቀለለኝ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ላብ በላብ ሆነው፣ አብረን ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ድረስ ወጣን። የደብሩ አለቃ በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁን።

መሪጌታ ደፉ ጋ ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

"በል ልጄ፣ አውልቅልኝ።"

"ምኑን?"

"ጫማውን ነዋ።"

"መሪጌታ፣ አይወልቅም። የተቸነከረ ነው።"

"የተቸነከረ?" ወደ ታች አዩ፤ ወደ እኔ አዩ። "ጫማ ይቸነከራል?"

አለቃው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "መሪጌታ፣ ችግር ነው፤ እግዚአብሔርም ልብ ያያል። ይግቡ ግድ የለም።"

"ለሙሴ ያልቀረ ለእኔ ይቀራል? ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በባዶ እግሬ የገባሁበት ቤት ነው። ዛሬ እግር አገኘሁ ብዬ በጫማ ልረግጠው ነው? ቦታውን ለሌላው ስጡት።" ይህን ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ደሜ ፈላ። "ሦስት ቀን ሙሉ!" ብዬ ጀመርኩ። "ኬላው፣ ቁንጫው፣ ጎማው፣ ማኅተሙ! አለቃው ይግቡ እያሉ እርስዎ..."

ወይዘሮ ጥሩነሽ ለዘብ ብለው አቋረጡኝ። "አትቆጣ ልጄ። እሳቸው እኮ ዕድሜ ልካቸውን ጫማ አድርገው አያውቁም። እግራቸውን ለለካው ሐኪምም ነግረነው ነበር።"

ቁጣዬ እዚያው ላይ ቆመ። ቅጹ! ድሬሰሩ ረስቶ አይደለም ባዶ የተወው፤ መልሱ ራሱ ባዶ ነበር። እኔ ነኝ ከሰው የበለጠ አውቃለሁ ብዬ አርባ አንድ የጻፍኩበት። ክርስትና የተነሣሁ፣ በእናቴ ነጠላ ተጠቅልዬ ያስቀደስኩ ሰው! ስንት ዓመት ለወታደር እግር ስሠራ፣ እግር ሁሉ ቦቲ ያለው መሰለኝ። አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ።

ሁሴን ከበቅሎው ጎን ሆኖ "ወላሂ እኔስ ጠዋት ነው ያየሁት" አለ።

"አይተህ ዝም አልክ?"

"የክርስቲያን ነገር ምን አውቃለሁ ብዬ ነዋ! እኛስ መስጊድ ስንገባ እናወልቃለን። አንተ የተማርክ ነህ፣ እናንተ ጋ ሌላ ሕግ ያለ መሰለኝ።"

ከቦርሳዬ ጉጠት አውጥቼ ሚስማሮቹን መንቀል ጀመርኩ። ጫማው ሲወጣ የባሰ ነገር መጣ፤ እግሩን የለካሁት ከነጫማው ተረከዝ ስለነበር ያለ ጫማ ሁለት ጣት ያህል አጠረ። መሪጌታ ሲቆሙበት ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። እንጨት ያስፈልገኛል፤ ጠፍጣፋ፣ የደረቀ፣ አሁኑኑ። ዛፍ መቁረጥ የገበሬ ማኅበሩን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ሊቀ መንበሩ የት ነው ብል፣ ስብሰባ።

ሁሴን ወደ በቅሎው ሄዶ አንዱን ድግር ይዞ መጣ።

"አዲስ አይደለም እንዴ?" አልኩት። "በአንድ ድግር ምን ልታርስ ነው?"

"እርሻው ገና ነው፤ ሌላ ይገዛል። እሳቸው ግን ዋዜማቸው ዛሬ ነው።"

ድግሩን በጫማው ልክ ቆረጥኩት፣ ጠረብኩት፣ ሞረድኩት። መዳፌ ተላጠ። ወይዘሮ ጥሩነሽ በየመሃሉ እየመጡ "አብሽር ልጄ፣ ትደርሳለህ" ይሉኛል። ጣት ልቀርጽለት አሰብኩ፤ ጊዜ አልነበረም። አውራ ጣቱን ብቻ በቢላ ለይቼ ተውኩት።

ደወሉ ሲደወል የመጨረሻውን ሚስማር እየመታሁ ነበር። መሪጌታ ተነሡ፣ ደፉን በግራ እግራቸው ተሻገሩ፣ ቀኙን አስከተሉ። እንጨቱ ወለሉን ቋ አደረገው። ቦታቸውን ሊይዝ የተዘጋጀው ጎልማሳ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና ወደ ጎን ተሰለፈ። እኔ ቢወድቁ ልደግፋቸው ብዬ ተከትያቸው ገባሁና ከኋላቸው ቆምኩ።

መቋሚያቸውን አነሡ። ካህናቱም የየራሳቸውን አስተካከሉ። እሳቸው ግን አልጀመሩም፤ ዞር ብለው ቁልቁል ያያሉ። እግሩ የቆረቆራቸው መሰለኝና ጠጋ አልኩ።

"ምነው መሪጌታ? ጠበበዎት?" አልኩ በሹክሹክታ።

"የእኔስ ደኅና ነው" አሉ። "የአንተን አውልቅ።"

ቁልቁል አየሁ። የሦስት ቀን አቧራ የጠጣው ጫማዬ ከነማሰሪያው እግሬ ላይ ነው። ካህናቱ ሁሉ ቆመው እየጠበቁኝ ልፈታው ጎንበስ አልኩ፤ የተላጠው እጄ ማሰሪያውን እንቢ አለኝ። በመጨረሻ አወለቅሁትና በብብቴ ይዤ ወደ በሩ አፈገፈግሁ። ወለሉ ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ መሪጌታ ጀመሩ።