አርብ አርብ የሚመጣው ሽማግሌ

የልዩ ፍላጎት ትምህርት ያጠናሁት ለልጆች አዝኜ እንደሆነ ለብዙ ሰው ተናግሬያለሁ። ዋሽቻለሁ፤ ያስገባኝ ቂም ነው።

ታናሽ እህቴ ቢቸና ሦስተኛ ክፍል ስትማር «ለ»ን ከ«ሰ» መለየት አትችልም ነበር። የአማርኛውን መጽሐፍ ማታ አንድ ጊዜ ካነበብኩላት ግን በቃሏ ትወጣዋለች፤ ክፍል ውስጥም ገጹን እያየች የምታነብ ትመስላለች። መምህሯ ይህን ሲደርስበት አታላይ አላት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ ወደ ፊት ያወጣትና ሰሌዳ ላይ አንድ ቃል ጽፎ አንብቢ ይላታል። ዝም ስትል ተማሪው ስቆ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ሁለት ሳምንት ችላ፣ በሦስተኛው ደብተሮቿን አልጋ ስር ከታ አልሄድም አለች። አባታችን ቢቆጣም ቢለምንም አልተመለሰችም።

እኔ ተምሬ ሞጣ ተመደብኩ። የተሰጠኝ ክፍል የተሰበሩ ዴስኮች ሲከመሩበት የኖረ ነው። ጠርጌ፣ ግድግዳውን ቀብቼ ዘጠኝ ልጆች ይዤ ጀመርኩ። በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጁን እጅ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ፊቱ ተለውጧል፤ የእህቴ መምህር መሆኑን ያወቅሁት በድምፁ ነው። ጡረታ ወጥቶ ሞጣ ካገባች ልጁ ጋር ይኖራል። እኔን አላወቀኝም።

ልጅቷ ብልህ እንደሆነች፣ ንባብ ግን ጨርሶ እንዳልሆነላት ነገረኝ። ሰነፍ መስላው ብዙ እንደገረፋት፣ አሁን መሮት እንደመጣ ጨመረልኝ። አፌ «እርስዎ» ይለዋል፤ በልቤ «አንተ» እለዋለሁ። እቀበላታለሁ፣ ግን አሳዳጊዋ በየሳምንቱ አርብ ክፍል ገብቶ መከታተል አለበት አልኩት። እንዲህ ያለ ደንብ የለም፤ እዚያው ቆሜ የፈጠርኩት ነው። አመስግኖኝ ሄደ።

አርብ ሲመጣ የልጆች ወንበር ሰጠሁት። ጉልበቱ ደረቱን እየነካው ተቀመጠ። ልጅቷ «ለ»ን አሸዋ ላይ በጣቷ ስትጽፍ፣ «ሰ»ን ከጭቃ ስትሠራ፣ ዓይኗን ጨፍና በእጇ ስትዳብሳቸው አየ። ካርቶን በመቀስ ቀድጄ አንድ ቃል ብቻ የሚያሳይ ቀዳዳ ሠራሁላት፤ መስመሩ ላይ እያስኬደች ቃል በቃል ታነባለች። ስትሳሳት እጠብቃታለሁ። ሆን ብዬ፣ እሱ እያየ፣ ረጅም ጊዜ እጠብቃታለሁ።

ጥር ላይ ስለ አንዲት ላም የተጻፉ አራት መስመሮች ሳትቆም አነበበች። እሱ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። ልጆቹ ሲወጡ፣

«ይኸው ነው?» አለኝ። «ይኸው ብቻ ነበር?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ቢቸና ሰልፍ ፊት ያቆማት የነበረችውን ልጅ፣ የማን ልጅ እንደነበረች፣ የት ትቀመጥ እንደነበር ነገርኩት። እህቷ መሆኔንም ነገርኩት። ረጅም ጊዜ አሰበ።

«ብዙ ልጆች ነበሩ» አለ።

አላስታወሳትም። እኛ ቤት ስሙ ሲነሳ እህቴ ተነስታ ትወጣ ነበር፤ እሱ ግን አላስታወሳትም። ያን ጊዜ ነው የባሰብኝ። ከዚያ በኋላ በየአርቡ ልጅቷን ረዘም ያለ ታሪክ አስነብብና ጎንበስ ብዬ ጆሮው ስር እነግረዋለሁ፤ የኔዋም በዚህ ወር እዚህ ትደርስ ነበር፣ የኔዋም ይህን መጽሐፍ ትጨርስ ነበር። አንድም አርብ አልቀረም። እየከሳ ሄደ። መክሳቱ ደስ ይለኝ ነበር።

ለፋሲካ ቢቸና ወረድኩ። እህቴ የሰፈሩ ሴት ሁሉ የሚፈልጋት ሹሩባ ሠሪ ናት። ስልኳ ላይ ሰው የምትለየው በፎቶ ነው። ደስ ይላታል ብዬ ሁሉንም አንድ በአንድ አወራኋት። የጎረቤት ልጅ ፀጉር እየሠራች ሰማችኝ፤ እጇ አልቆመም።

«ልጅቷ አነበበች?»

«አነበበች።»

«አንቺ ነሽ ያስተማርሻት?»

«አዎ።»

የያዘችውን ጉንጉን ጨረሰች።

«እኔንስ?»

ያን ሁሉ ዓመት ስመላለስ አንድ ፊደል የተጻፈበት ካርቶን እንኳ ይዤላት አልመጣሁም። ሌላ ጉንጉን ጀምራ፣ «ሰልፉ ላይ አንድ ቀን ከነሱ ጋር ስትስቂ አይቼሻለሁ» አለችኝ። ስቄያለሁ። አላየችኝም ብዬ ነበር የኖርኩት።

ሞጣ ስመለስ ሽማግሌው ከእንግዲህ አርብ አርብ መምጣት እንደሌለበት ነገርኩት። ቢቸና ሄዶ እህቴ እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ሊጠይቅ እንደሚፈልግ ነገረኝ፤ ቤቷን እንዳሳየው ለመነኝ።

«አይሂዱ» አልኩት። «ስለ እርስዎ ምንም አልጠየቀችኝም።»

ከነገርኩት ሁሉ ይህ እንደጎዳው አየሁ፤ አልጸጸተኝም። ልጅቷ በዓመቱ ወደ መደበኛው ክፍል ተዛወረች። እሱ አሁን ታሟል። ልጁ ጠይቂው ብላ ሁለት ጊዜ ልካብኛለች፤ አልሄድኩም።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ቢቸና እሄዳለሁ። እህቴ መጀመሪያ «ልጆቼ እያዩ አልማርም» ብላ ነበር፤ አሁን በሩን ዘግተን እንቀመጣለን። ባለፈው ቅዳሜ ተናዳ ካርቶኑን ፊቴ ላይ ወረወረችው። አንስቼ ጠረጴዛው ላይ መለስኩትና እስክትበርድ ጠበቅኋት።