ቁጥሩን የሚናገር ራዲዮ

ዲበኩሉ የሥራ ዘመኑን አብዛኛውን ያሳለፈው ማይክሮፎን ፊት ነው። ከአዳማ በታች፣ አዋሽ ዳር በነበረ አንድ የመንግሥት እርሻ ውስጥ፣ የትኛው ትራክተር የት እንደቆመ፣ የትኛው ቦይ እንደተደረመሰ ከየካምፑ በራዲዮ እየተቀበለ ለዋናው ቢሮ ሲያስተላልፍ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረ። ሞባይል ሲመጣ ያቺ የራዲዮ ክፍል ተዘጋችና እሱን ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩት። ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ቆየ፤ ልቡ ግን ከማይክሮፎኑ አልተላቀቀም።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ አንድ የረድኤት ድርጅት አሮጌ ዕቃዎቹን እንደሚሸጥ ሰማና አንዲት የምትቀበልም የምታስተላልፍም ራዲዮ ገዛ። ተፈትኖ ለትርፍ ጊዜ ተነጋጋሪዎች የሚሰጠውን የአማተር ራዲዮ ፈቃድ አወጣ። አዳማ ካለው ቤቱ ጣሪያ ጫፍ እስከ ጓሮው የኒም ዛፍ ድረስም ሽቦ ዘረጋ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ከወዳጆቹ ጋር በአየር ላይ ይገናኛል። ከመካከላቸው የአርሲ ነገሌው እህል ነጋዴ ሆራ አለ፤ የባቱው ጡረተኛ ነርስ ዳዊ አለ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ሽቦ ርዝመት፣ ስለ ጉልበት ሕመም ያወራሉ። ለሌላው ሰው ምንም ያልሆነ ወሬ ነው፤ ለዲበኩሉ ግን ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቀው ነገር ነበር።

ስልሳ አራት ዓመት ሲሞላው ዓይኑ መጋረድ ጀመረ። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለው፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ። የቀረውም ብዙ አልቆየም። በሁለተኛው ዓመት የራዲዮዋን መስኮት ብርሃን እንኳ መለየት አቃተው።

ባለቤቱ ሚልካ አንደኛ ክፍል ሕፃናትን ስታስተምር ያረጀች ሴት ናት፤ ሥራው ትዕግሥት አስተምሯታል። ቅዳሜ ጠዋት አጠገቡ ወንበር ስባ ትቀመጥና እሱ ማዞሪያውን ሲያዞር በራዲዮዋ መስኮት የሚታየውን የሞገድ ቁጥር ታነብለታለች። «አለፍከው። ትንሽ ወደ ኋላ። ትንሽ። እ፣ እዚያ ላይ ቁም።» ሞገዱ ሸሸት ባለ ቁጥር እንደገና ታነባለች። እንዲህ ሆነው ሁለት ዓመት አለፈ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያናቸው የመዘምራን መሪ ጉዲቱ ልትጠይቃቸው መጣች። ዲበኩሉ ጓዳ ጋደም ብሎ ነበር።

«ሚልካዬ፣ ቅዳሜን መቼ ነው የምትመልሺልን?» ስትል ሰማት። «ሁለት ዓመት እኮ ሆነ። ያንቺን ቦታ የሚይዝ ድምፅ አጣን።»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሻል» አለች ሚልካ። «ቅዳሜ ለእሱ ነው። ራዲዮዋ ብቻ ናት የቀረችለት።»

ዲበኩሉ ጣሪያውን እያየ ያለ ይመስል ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ቀረ። ሚልካ ከልጅነቷ ጀምሮ ዘማሪ ነበረች። ልምምዱ ቅዳሜ አራት ሰዓት መሆኑ ጠፍቶት አያውቅም፤ ግን አንድም ቀን አላነሳችበትምና እሱም አንድም ቀን አልጠየቃትም። ይህ ነው ያሳፈረው።

ሰኞ ጠዋት ሚልካ ገበያ እንደወጣች ራዲዮዋን በአንሶላ ጠቅልሎ በባጃጅ ፍራንኮ የሚባለው ሰፈር ወዳለው የሑስና ሱቅ ሄደ። ሑስና ስልክና ቴሌቪዥን ትጠግናለች፤ ያገለገለ ዕቃም ትገዛለች። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው አዳማ የከተሙ ናቸው፤ በጥንቃቄዋ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል።

«ይህችን ሽጪልኝ» አላት።

ሑስና አንሶላውን ገለጥ አድርጋ አየችና፣ «ጋሼ፣ ተበላሽታ ነው?» አለች።

«ደህና ናት። የተበላሸሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩን ማየት አልችልም። ባለቤቴ ናት የምታነብልኝ፤ ከአሁን በኋላ እንድታነብልኝ አልፈልግም።»

በዚህ መሀል ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። ሲያወጣው ስልኩ የደወለውን ሰው ስም በድምፅ ጠራለት፤ ዓይኑን ካጣ ወዲህ ስልኩ የነካውን ሁሉ እየተናገረ ነው የሚረዳው። ዲበኩሉ ዘጋውና ወደ ኪሱ መለሰው።

«ስልክዎ ይናገራል» አለች ሑስና።

«አዎ።»

«ታዲያ ራዲዮዋ ለምን አትናገርም?»

ዲበኩሉ ሳቅ አለ። ሑስና ግን አልሳቀችም። ራዲዮዋን አዙራ ጀርባዋን ስትደባብስ ሰማት። «እዚህ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ቀዳዳ አላት። በዚህ በኩል የቆመችበትን ቁጥር አውጥታ ትሰጣለች ማለት ነው። ቁጥሩን የሚቀበል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድና ድምፅ የሚይዝ ሜሞሪ ካርድ ከተገኘ ሌላው የእኔ ሥራ ነው። ሠርቼ አላውቅም፤ አልዋሽዎትም። ሁለት ሳምንት ይስጡኝ። ካልሆነ ያኔ እሸጥልዎታለሁ።»

ማታ ራዲዮዋን ሊሸጥ ሄዶ ሑስና ጋ እንደተዋት ለሚልካ ነገራት። ለምን ሊሸጣት እንደሄደ ግን አልተናገረም። እሷም አልጠየቀችውም።

በሳምንቱ ሑስና ቤታቸው መጣች። ቦርዱ ቁጥሩን መቀበል ጀምሯል፤ የጎደለው ድምፅ ነው። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ቁጥሮችና «ነጥብ» የሚለውን ቃል በአማርኛ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል።

«አንቺው አንብቢዋ» አለች ሚልካ።

«የለመዱት የእርስዎን ነው፣ እትዬ» አለች ሑስና።

የመኝታ ቤቱን መስኮት በብርድ ልብስ ሸፈኑ፤ የባጃጅ ጩኸት እንዳይገባ። ሚልካ አንደኛ ክፍል ፊት እንደቆመች ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ከአንዱ ቁጥር በኋላ ልጆቹ እስኪደግሙ የምትጠብቅ ይመስል ፋታ እየሰጠች ቆጠረች። ሑስና አንድ ጊዜ ብቻ አስደገመቻት፤ ስድስት ላይ ሚልካን ሳቅ ስለያዛት።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሑስና ራዲዮዋን መልሳ አምጥታ፣ ከጎኗ አንዲት ትንሽ ሳጥን አስቀምጣ፣ የዲበኩሉን ጣት ይዛ ቁልፏ ላይ አሳረፈችለት። ተጫነው።

«ሰባት። ነጥብ። ዜሮ። ዘጠኝ። አራት» አለ የሚልካ ድምፅ።

ሚልካ ግን በሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

ማዞሪያውን ቀስ እያለ አዞረ፤ ተጫነ፤ አዞረ፤ ተጫነ። «ሰባት። ነጥብ። አንድ። አንድ። ዜሮ።» እዚያ ላይ ቆመ። ከእነ ሆራ ጋር የሚገናኙባት ቁጥር ናት። ማይክሮፎኑን አነሳ።

ተጣራ። ሲጣራ ሌላው እጁ ሳጥኗ ላይ ቀርቶ ኖሮ ቁልፏን ደጋግሞ ነክቷታል። ማይክሮፎኑን ሲለቅ ሆራ ከአርሲ ነገሌ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምሮ መለሰ። «አካም ጂርታ፣ ዲበኩሉ? ሚልካ ደግሞ ምን እያስቆጠረችህ ነው? ዛሬ ትምህርት ቤት ገባህ እንዴ?»

ሳጥኗ የምትናገረው በሙሉ ወደ አየር ወጥቶ ኖሯል። ዳዊም ከባቱ ገብቶ፣ እሱ ጋ ሰባት ቁጥር ሦስት ጊዜ መሰማቱን ነገራቸው። ሚልካ ፊቷን በሻርፕዋ ሸፍና ሳቀች። ሑስና ግን እርሳስ ይዛ ወረቀት ላይ መሳል ጀምራ ነበር። ማክሰኞ ተመልሳ መጣችና አንዲት ተጨማሪ ሽቦ በየደች፤ ዲበኩሉ ሲናገር ሳጥኗ ዝም እንድትል። ማይክሮፎኑን ጨብጦ ቁልፏን አሥር ጊዜ እንዲነካ አስገደደችው። ሳጥኗ ትንፍሽ አላለችም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቁርስ እንደበሉ፣ «ሚልካ፣ ሰዓቱ ሄደ» አላት።

«የምን ሰዓት?»

«ልምምድሽ አራት ሰዓት አይደል?»

«ማን አስታወሰህ?» አለችው።

«ጉዲቱ ቀስ ብላ ማውራት አትችልም» አለ። «ሁለት ዓመት ቅዳሜሽን ሰጥተሽኛል፣ እኔም ሳልጠይቅሽ ወስጃለሁ። አመሰግንሻለሁ። ይቅርም በይኝ።»

«ወድጄ ነው የሰጠሁህ» አለች። ከዚያ ቁም ሣጥኑ ሲከፈትና ጫማ ስትቀይር ሰማት። ስትወጣ ትከሻውን ነካ አድርጋው ሄደች።

ዲበኩሉ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ወዳጆቹን አገኘ። ወሬው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ «አንድ ነገር ልበል» አላቸው። ፍራንኮ አካባቢ ሑስና የምትባል ሴት እንዳለች፣ ሊሸጣት የወሰዳትን ራዲዮ ይዞ እንዲመለስ እንዳደረገችው ነገራቸው። በየቦታው ያሉት ተራ በተራ አመሰገኗት። ዳዊ መጨረሻ ላይ ገባና፣ የእሱም ዓይን እየደከመ መሆኑን ለማንም ሳይነግር መቆየቱን ተናገረ። «ለእኔም ትሠራልኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ» አለ።

ሰኞ ጠዋት ዲበኩሉ ሱቋ ሄዶ መልእክቱን አደረሰ። ማመስገኛ ቃል በመንገድ ሲያዘጋጅ መጥቶ ነበር፤ ሳይጀምረው ግን እሷ ቀደመችው።

«ባቱ ሩቅ አይደለም፣ እሠራለታለሁ» አለች ሑስና። «ጋሼ፣ አሁን ደንበኛ አለብኝ። በስተግራዎ ወንበር አለ፣ ይቀመጡ። ሻይ ላስመጣልዎት።»

ተቀመጠ። ሻዩም መጣ።